ሰካራም ድንጋይ፦ ወንጭፍ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ

ጥቅምት ላይ በሐርቡ አድርጎ ወደ ከሚሴ የወረደ ሰው፣ ማሽላው መሐል ከፍ ብለው የቆሙትን ማማዎች ሳያይ አያልፍም። ማሽላው ወተት ሲይዝ ወፍ ይመጣል። ወፍ ሲመጣ ልጅ ማማ ላይ ይወጣል። እኔም ወጥቻለሁ። ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ከዚያ ደግሞ ከአሥር ሰዓት እስኪመሽ። በመሐል ወፉም ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ይፈልጋል፤ እኛም ጢንቅሽ እናላምጣለን።

ችግሬ አንድ ነበር። ወንጭፌ እምቢ ይለኛል። ግራሩ ላይ ወደሰፈረው ግሪሳ ስልከው፣ ድንጋዩ አየር ላይ ይጠማዘዝና የሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። አንዴ የጎረቤታችንን ጀሪካን በሳሁት። ያን ቀን የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ክንዴ ነው ብዬ ስንት ቀን ክንዴን አሸሁ። አጎቴ ግን ማማው ሥር ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ኮረጆዬን ተቀበለኝ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አገላበጣቸው።

«አብሽር፣ ክንድህ ምንም አላለም» አለኝ። «ድንጋይህ ነው የሰከረው።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወርውሬያለሁ፣ ትንሽ ፊዚክስም ተምሬያለሁ። አጎቴ ፊዚክስ የሚባል ነገር ደጃፍ አልደረሰም። ግን ልክ ነበር። የሚወረወር ነገር ኢላማውን እንዲያገኝ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፦ ክብደቱ መሐል ለመሐል መሆን አለበት፤ ሲሄድ ደግሞ በሥርዓት መሽከርከር አለበት። ሁለቱም ከተበላሹ ዳዊትም ቢሆን ጎልያድን ይስተዋል። እሱ ራሱ ያገኘውን ድንጋይ አንስቶ አልወረወረም። ወንዝ ወርዶ አምስት መርጦ ነው የተነሳው።

አንድ ነገር ላስቀድም። የማወራው ስለ ገመዱ ወንጭፍ ነው፤ ስለ ላስቲኩና ባላው አይደለም። በዜና «ሳተላይት ተወነጨፈ» ሲባል የምንሰማው ቃል የመጣው ከዚሁ ከእረኛው ገመድ ነው።

ድንጋይ መልቀም

ማሳ ዳር ያለውን ድንጋይ እርሱት። ሾጣጣ ነው፣ አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ነው። ወንዝ ውረዱ። ቦርከናም ይሁን ሚሌ፣ ከሰፈራችሁ በታች የሚያልፈው ትንሽ ጅረትም ቢሆን ይበቃል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጎርፉ ያንከባለለው ድንጋይ ዳር ላይ ተከምሮ ይገኛል። እዚያ ድብልብሉን ፈልጉ። መጠኑ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ቢያክል ጥሩ ነው። ያን የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ከ100 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለጀማሪ ክንድ ይሄ ይመቻል።

እዚህ ላይ የወሎ ድንጋይ አንድ አመል አለው። አብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ቀልጦ ሲፈስ ውስጡ አረፋ ነበረው። አረፋው ሳይወጣ ሲቀር ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን ይሠራል። አንዳንዱ ዓይን ባዶ ነው፣ አንዳንዱ ውስጥ ነጭ ነገር ሞልቶበታል። ችግሩ ዓይኑ አንድ ወገን ብቻ ሊሰበሰብ ይችላል። ከውጭ ክብ የመሰላችሁ ድንጋይ ከውስጥ አንድ ጎኑ ቀላል፣ አንድ ጎኑ ከባድ ይሆናል። ይሄ ነው ሰካራሙ። ስለዚህ ላዩ ላይ ዓይን የሚታይበትን ድንጋይ ገና ወንዙ ላይ ጣሉት። (ደላንታ የምትኖሩ ደግሞ አደራ፣ ከመወርወራችሁ በፊት ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ አለመሆኑን እዩ።)

ለአንድ ቀን ጥበቃ ሠላሳ ለቅማችሁ ሂዱ። ከዚያ ውስጥ ፈተናውን የሚያልፈው አሥር ቢሆን ነው።

ስካሩን መፈተሽ

የቀዘቀዘ ምጣድ ፈልጉ። እናታችሁ ወይም ባለቤታችሁ ሳታይ ቢሆን ይመረጣል። የምጣድ ፊት በጎመን ዘር ታሽቶ የለሰለሰ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከሌለ የሴራሚክ ወለል ወይም መስታወት ይሆናል።

ድንጋዩን በቀስታ አንከባሉት። ሲቆም ከላይ የሆነውን ጎን በከሰል ነጥብ አድርጉበት። እንደገና በሌላ አቅጣጫ አንከባሉት። ሦስቴ፣ አራቴ። ነጥቡ ሁልጊዜ ከላይ ከሆነ ድንጋዩ ከታች ከባድ ነው ማለት ነው። ወይም ያ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ለእኛ ሁለቱም አንድ ነው፤ ይጣል። ነጥቡ አንዴ ላይ፣ አንዴ ጎን፣ አንዴ ታች ከሆነ ግን ያ ድንጋይ ጨዋ ነው።

ሁለተኛ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት። ጥሩ ድንጋይ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ ይዞራል። ሰካራሙ ይንገዳገዳል፣ ክብ እየሠራ ይሸሻል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት እንዝርት አስቡ። ጥጥ የሚፈትል ሰው ያለበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እንዝርቱ ላይ ያለችው ክብ መሐል ለመሐል ከተበሳች ሲሽከረከር ዝም ይላል፤ የቆመ ነው የሚመስለው። ቀዳዳው በትንሹ ወደ ዳር ከሸሸ ግን ይንዘፈዘፋል። ክሩ ይቋጠራል፣ ይበጠሳል። ማንኛውም በነፃነት የሚሽከረከር ነገር የሚዞረው በክብደቱ መሐል ላይ ነው፤ በቅርጹ መሐል ላይ አይደለም። ሁለቱ መሐሎች ካልተገናኙ ቅርጹ ይወዛወዛል። አየር ላይ ያለ ድንጋይ ሲወዛወዝ ንፋሱ አንዴ በሰፊው ጎን፣ አንዴ በጠባቡ ይመታዋል። በየትኛው ቅጽበት የቱ ጎኑ ንፋሱን እንደሚያገኝ ማንም አያውቅም። መንገዱ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ማመዛዘን

ይሄ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያለፉትን ድንጋዮች እርስ በርስ አመዛዝኑ። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ እሰየው። ከሌለ ቀጥ ያለ በትር መሐሉን በክር አንጠልጥሉና ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት እኩል ክዳን እሰሩ። አንድ የወደዳችሁትን ድንጋይ በአንዱ ክዳን አስቀምጡ። ሌሎቹን በየተራ ከእሱ ጋር አስተያዩ። በጣም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የወረደው ለሌላ ቀን ይቀመጥ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክንዳችሁ የሚለምደው አንድ ክብደት ነው። 70 ግራሙን ከለመደ በኋላ 120 ግራም ስትሰጡት የሚለቅበት ፍጥነትም ጊዜውም ይዛባል። ድንጋዩ ጥሩ ሆኖ ሳለ «ዛሬ እጄ አልተፈታም» ትላላችሁ።

ወንዝ ለራቀው፦ የጭቃ ድብልብል

እውነቱን ለመናገር እኔ አሁን ከድንጋይ ይልቅ ጭቃ እመርጣለሁ። አንደኛ፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሲያርፍ ይፈረፈራል። ማሳው ውስጥ ድንጋይ አይከመርም፤ በኋላ ማጭድ አያደንዝም። ጉዳቱ ከድንጋይ ቀላል ስለሆነ ለተመሳሳይ ክብደት ወፈር ማለቱ ነው። ንፋስ ቶሎ ያደክመዋል፣ እንደ ድንጋይ አይርቅም።

ጥቁሩን መረሬ ብቻውን አትጠቀሙ። ሲደርቅ በጣም ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል። ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት ወይም ሸክላ ሠሪዎች የሚወስዱትን ዓይነት አፈር ፈልጉ። በወንፊት ንፉት። ጠጠር ከገባበት ተመልሶ ሰካራም ይሆናል። ጭድ አትጨምሩ፤ ለግድግዳ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ልኩ አንድ ሲኒ ነው። ጠርዟ የተሸረፈ አሮጌ ሲኒ ውሰዱ፣ ጭቃውን ጠቅጥቁና አፏን በቢላ አስተካክሉ። አንድ ሲኒ፣ አንድ ድብልብል። መዳፋችሁን ውሃ እያስነካችሁ አሽከርክሩት። ከዚያ ጥላ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆይ። ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በየቀኑ ማገላበጥ ደግሞ ግዴታ ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳላገላብጥ ትቼው ሃያ አራቱም ሥራቸው ተቀምጦ ቂጣ መስለው ነበር። ወፎቹ ያን ሳምንት ጥጋብ ላይ ነበሩ።

ወንጭፉ ራሱ

ገመዱ የተጎነጎነ ይሁን። የተገመደ አይደለም፤ የተጎነጎነ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ስህተት ከዚህ ይመጣል። የተገመደ ገመድ ክብደት ሲሰማው ሊፈታ ይሞክራል፤ ማቀፊያውን ይዞ ይዞራል። ድንጋዩ ከመለቀቁ በፊት ዞሮ ይቆያል። እንደ ፀጉር ሹሩባ በሦስት ወይም በአራት የተጎነጎነ ቃጫ ግን ፀጥ ይላል።

ማቀፊያው ለስላሳ ቆዳ ቢሆን ጥሩ ነው። ርዝመቱ ግማሽ ስንዝር፣ መሐሉ አራት ጣት ወርድ፣ ሁለት ጫፉ ሹል ያለ። መሐሉ ላይ በቁመት አንድ ስንጥቅ አድርጉለት፣ ድንጋዩ ገብቶ እንዲያዝ። ሁለቱን ገመዶች እሰሩ። አንደኛው ጫፍ የመሐል ጣት የሚገባበት ቀለበት ይሁን፤ ሌላኛው የሚለቀቅ ቋጠሮ። ታጥፎ ሲንጠለጠል ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል ገደማ ይበቃል። ድንጋይ አስገብታችሁ አንጠልጥሉትና ሁለቱን ገመዶች እዩ። አንዱ ከላላ ወንጭፉ ገና ሳይወረወር አዘንብሏል። አስተካክሉት።

አቀማመጥና አወራወር

ድንጋዩ ፍጹም ክብ ካልሆነ፣ ትንሽ እንደ ቴምር ረዘም ካለ፣ ረጅሙ ጎን በማቀፊያው ርዝመት ይተኛ። ሁልጊዜ እንደዚያ። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ካስቀመጣችሁ በየጊዜው ሌላ ዓይነት ሽክርክሪት ይዞ ይወጣል።

አካባቢያችሁን ሙሉውን ዙሪያ ተመልከቱ። ከኋላ ማለቴ ነው። ወንጭፍ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከተለቀቀ ድንጋዩ ወደ ኋላም ይሄዳል፣ ወደ ጎንም። ጎበዝ ወንጫፊ የላከው ድንጋይ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ይበራል። ያ ሰው ይገድላል። ሰው፣ ከብት፣ ቤት ካለ አትወርውሩ። ወፉንም ሆነ ዝንጀሮውን የምናባርረው በድምፅና በድንጋጤ ነው፤ ከፊቱ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

አሁን ወርውሩ። ሦስቴ ማዞር አያስፈልግም። ብዙ ዙር ፍጥነት የሚጨምር ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን የሚመጣው ከመጨረሻው ዙር ነው። አንድ ዙር ለማስተካከል፣ አንድ ዙር ለመላክ። የምትለቁት ቅጽበት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ልንገራችሁ። ድንጋዩ በ1 ሜትር ራዲየስ፣ በሰከንድ 30 ሜትር እየዞረ ከሆነ፣ አንድ ሺህኛ ሰከንድ መዘግየት አቅጣጫውን ወደ 1.7 ዲግሪ ያዞረዋል። 40 ሜትር ላይ ያ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ላይ አትጨክኑ።

ሽክርክሪቱን ማንበብ

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። አሥር የጭቃ ድብልብል ውሰዱና ግማሽ ፊታቸውን በኖራ ነጭ ቀቡ። ቅቡ ስስ ይሁን፤ በአንድ ወገን ከወፈረ ሚዛኑን ያበላሻል። አንድ ሰው ከኋላችሁ ራቅ ብሎ፣ ከተቻለ ከለላ ይዞ፣ በስልክ ስሎው ሞሽን ይቅረጽ። ነጩና ጥቁሩ ሲፈራረቅ ድብልብሉ ወዴት እንደሚዞር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ድብልብሉ የፊቱ ገጽ፣ ማለትም ወደ ኢላማው ያለው ጎኑ፣ ወደሚዞርበት ይታጠፋል። ቪዲዮው ከኋላ ስለተቀረጸ የሚታያችሁ ጎን የሚዞረው በተቃራኒው ነው። የፊቱ ገጽ ወደ ላይ ከዞረ ድንጋዩ አየር ላይ ይቆያል፣ ይርቃል። ወደ ታች ከዞረ ቶሎ ይወድቃል። ወደ ግራ ከዞረ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከዞረ ወደ ቀኝ። ቅጣት ምት በግድግዳው ዙሪያ አጥፎ የሚያስገባ ልጅ ይህን እግሩ ያውቀዋል። የሚሽከረከረው ነገር አብሮት የሚዞረውን አየር ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ አየሩ ደግሞ እሱን ወደ ሌላው። ፈረንጆቹ ማግነስ በሚባል ጀርመናዊ ስም ይጠሩታል፤ በእነሱ አቆጣጠር 1852 ላይ መርምሮታል። ከእሱ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ግን ሮቢንስ የሚባል እንግሊዛዊ አንድ ቀልድ የሚመስል ነገር አሳይቶ ነበር። የጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ግራ አጎበጠ። ተኮሰ። ክቡ አረር መጀመሪያ ወደ ግራ ሄደ፣ ከዚያ አየር ላይ ታጥፎ ወደ ቀኝ ተሻገረ። በቀኙ ግድግዳ እየተፋተገ ስለወጣ የፊቱ ገጽ ወደ ቀኝ ይዞር ነበር።

የሚገርመው ግን መታጠፍ በራሱ ጠላት አይደለም። ሁሌ ሦስት እርምጃ ወደ ግራ የሚታጠፍ ድንጋይ ካላችሁ ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ አነጣጥራችሁ ትገላገላላችሁ። መከራው ምንም ሳይሽከረከር ወይም በጣም በዝግታ የሚሄደው ነው። የድንጋዩ እብጠትና ጎድጓዳ ንፋሱን እንዳገኘ ይቀበለዋል፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይገፋዋል። ደህና ሽክርክሪት ይህን ግፊት ለሁሉም ጎን እኩል ያካፍለዋል።

ሌላም ዓይነት ሽክርክሪት አለ። ረዘም ያለ ነገር በሚሄድበት መስመር ዙሪያ እንደ መሰርሰሪያ ሲዞር አይታጠፍም፤ አፍንጫውን ወደፊት ይዞ ይረጋል። ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ መቅደላ አለች። ሚያዝያ 1860 ላይ የእንግሊዝ እግረኛ ይዞት የወጣው ስናድር፣ አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ነበረው። ጥይቱ ሁለት ሜትር ገደማ በሄደ ቁጥር አንድ ዙር ያዞረዋል። በዐፄ ቴዎድሮስ ወገን የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ክቡ አረር በየትኛው ግድግዳ ተፋትጎ እንደሚወጣ ተኳሹ አያውቅም። ጋፋት ተቀልጦ፣ በሰው ጉልበት እስከ ተራራው የተጎተተው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው። ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል። ሄዳችሁ ስታዩት ክብደቱ ያስደንቃችኋል፤ እኔ ግን አፉ ውስጥ ነው ያየሁት።

ደሴ ላይ ተለማምዶ ቆቦ ለሚወርድ ሰው ደግሞ አንዲት ነገር። የደሴ አየር ከቆቦው በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳል። እዚያ ታች ድንጋዩ ትንሽ ቶሎ ይደክማል፣ መታጠፉም ትንሽ ይብሳል። ሁለት ሦስት ወርውራችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

ጥፋተኛው ማን ነው?

አሮጌ ጆንያ ግራር ላይ ስቀሉ። 30 እርምጃ ራቁ። አሥር ወርውሩና እያንዳንዱ የት እንዳረፈ ሳትዋሹ መሬት ላይ በእንጨት ምልክት አድርጉ።

አሥሩም አንድ ወገን ከተሰበሰቡ፣ ለምሳሌ ሁሉም በግራ ካለፉ፣ ድንጋዩ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ወይ ቀድማችሁ ትለቃላችሁ፣ ወይ ሽክርክሪቱ ያጥፈዋል። የቪዲዮው ነጭና ጥቁር የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል። መሬት ላይ ምልክት ባደረጋችሁበት ርቀት ልክ ወደ ቀኝ አነጣጥሩ፣ ወይም የአለቃቀቃችሁን ጊዜ ቀይሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ።

አሥሩ በአሥር አቅጣጫ ከተበተኑ ግን ክንዳችሁን ገና አትክሰሱ። መጀመሪያ ወደ ምጣዱ ተመለሱ። ድንጋዩን እንደገና አንከባሉ፣ አመዛዝኑ። ድንጋዩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የገመዶቹን እኩልነት እዩ። ከዚያ በኋላም ከተበተነ፣ እንግዲህ ልምምድ ነው።

አንዱ ብቻ ከዘጠኙ ተለይቶ ከሄደ ያንን ድንጋይ ፈልጋችሁ አንሱት። መዶሻ ካላችሁ ስበሩት። እኔ ብዙ ሰብሬያለሁ፤ አንዳንዱ ውስጡ ከአንድ ወገን ዓይን ብቻ ነው።

ማሽላው ሲጠነክር ወፉም ተስፋ ይቆርጣል፣ ማማውም ይፈርሳል። ወንጭፉን ከጣሪያው ሥር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ቆዳውን አይጥ ይወደዋል። የተረፈውን የጭቃ ድብልብል ውሃ የማይነካው ጥግ አስቀምጡ። ለከርሞ ይደርሳል።